በዋሽንግተን ዲሲ በሜትሮና በአውቶቡስ መጓዝ፦ ከኢትዮጵያ የሚመጡ እንግዶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከአገር ውጭ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ስፍራዎች አንዷ ስለሆነች፣ ልጁን ሊጠይቅ የመጣ ወላጅ፣ ተማሪ፣ ዲቪ ደርሶት ጓዙን ጠቅልሎ የገባ ሰው ከዚህ አይጠፋም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዘመድ በመኪና ያመላልሳል፤ ከዚያ ዘመድም ወደ ሥራው ይመለሳል፣ እንግዳውም ቤት መዋል ይሰለቸዋል። የሚከተሉት ጥያቄዎች ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ በኖርኩባቸው ዓመታት እኔ ቤት ያረፉ እንግዶች ያቀረቧቸው ናቸው። የጠቀስኳቸው ዋጋዎችና ሰዓቶች ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ የነበሩት በመሆናቸው ከጉዞ በፊት አንድ ጊዜ ማጣራት ይገባል።

ሜትሮ የሚሠራው ከተማው ውስጥ ብቻ ነው?

አይደለም። ሜትሮ የሚባለው የከተማ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1976 በሬድ ላይን ላይ በተከፈቱ ጥቂት ጣቢያዎች ሥራ ጀምሮ ዛሬ ስድስት መስመሮችና 98 ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን፣ ከዲሲ አልፎ ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ ይዘልቃል። መስመሮቹ የሚጠሩት በቀለም ነው፦ ሬድ፣ ኦሬንጅ፣ ብሉ፣ ግሪን፣ የሎውና ሲልቨር። እዚህ ያለው ሐበሻም በዚሁ ስማቸው ስለሚጠራቸው፣ "ቀዩ መስመር የት ነው?" ከማለት "ሬድ ላይን የት ነው?" ማለት በቶሎ ያግባባል።

አውቶቡሱ ግን የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለም። ሜትሮባስ በመላው አካባቢ ይሠራል፤ ከእሱ ጎን የሞንትጎመሪ ካውንቲው ራይድ ኦን፣ የአሌክሳንድሪያው ዳሽ፣ የፌርፋክስ ኮኔክተርና የአርሊንግተኑ አርት አሉ። ዲሲ ሰርኩሌተር የሚባለው ቀይ አውቶቡስ በ2024 መጨረሻ ሥራውን ስላቆመ፣ እሱን የሚጠቅስ የጉዞ መመሪያ ከያዙ መመሪያው አርጅቷል ማለት ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር መግባት ይቻላል?

ይቻላል። ከአዲስ አበባ የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ የሚያርፈው ደለስ ሲሆን፣ ሲልቨር ላይን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ እዚያ ድረስ ይመጣል። ሻንጣዎን ተረክበው እንደወጡ የሜትሮን ምልክት፣ ማለትም ትልቁን "ኤም" ፊደል እየተከተሉ በመሬት ውስጥ ባለው የእግረኛ መተላለፊያ አምስት ደቂቃ ያህል ከተራመዱ ጣቢያው ይደርሳሉ። ወደ ከተማ ሲመጡ ሰሌዳው ላይ "አሽበርን" የሚለውን ባቡር ይተዉት፤ ያ የሚሄደው ከከተማው ወደ ራቀው ጫፍ ነው። ዳውንታውን ላርጎ ወይም ኒው ካሮልተን የሚለውን ቢይዙ በሁለቱም መሀል ከተማ ይገባሉ፤ እስከ ሜትሮ ሴንተር 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

በእርግጥ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ የታጨቀባቸው ሁለት ሻንጣዎች ይዞ፣ ከአሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ሰዓት በረራ በኋላ፣ ባቡር እየቀየሩ መሄድን ለማንም አልመክርም። በዚያ ቀን የሚቀበል ዘመድ ካለ በመኪና ይሂዱ። ባቡሩ የሚጠቅመው አንድ ቀላል ሻንጣ ለያዘ ወይም ተቀባይ ለሌለው ሰው ነው። ከሌላ የአሜሪካ ከተማ ወደ ሬገን ናሽናል የሚመጣ ግን ነገሩ ይቀልለታል፤ የብሉና የየሎው ላይን ጣቢያ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሕንፃ ጋር የተያያዘ ነው።

በየትኛው አቅጣጫ መሳፈር እንዳለብኝ እንዴት አውቃለሁ?

ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ እንግዳ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የምንይዘው ወያላው "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ ሲጣራ ሰምተን ነው፤ ግራ ቢገባንም እሱኑ እንጠይቀዋለን። ሜትሮ ጣቢያ ውስጥ የሚጣራ የለም። የወያላውን ሥራ የሚሠራው ሰሌዳው ሲሆን፣ የሚጽፈውም እርስዎ የሚወርዱበትን ሳይሆን የመስመሩን የመጨረሻ ጣቢያ ስም ነው። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ ሁለት ነገር ይያዙ፦ የመስመሩን ቀለምና በሚሄዱበት አቅጣጫ ያለውን የመጨረሻ ጣቢያ ስም። የሚወርዱበትን ጣቢያ ብቻ ማወቅ አይበቃም።

ቀለሙን ብቻ መያዝ ምን እንደሚያስከትል ያሳየችኝ አክስቴ ናት። "ሜትሮ ሴንተር ላይ ሬድ ላይን ያዢና ሲልቨር ስፕሪንግ ውረጂ" ብዬ በስልክ ነገርኳት። አንድ ሰው አስቁማ "ሜሪላንድ?" ብላ ጠየቀች፤ ሰውየውም "አዎ፣ ሜሪላንድ ነው" አላት። ዋሸ አይባልም። ሬድ ላይን እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ መስመር ስለሆነ ሁለቱም ጫፎቹ፣ ሼዲ ግሮቭም ግሌንሞንትም፣ ያሉት ሜሪላንድ ውስጥ ነው። አክስቴ የደወለችልኝ በሼዲ ግሮቭ በኩል ካለው ከቤቴዝዳ ጣቢያ ነበር፤ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት። "ወደ ግሌንሞንት የሚለውን" የሚሉትን ሦስት ቃላት ብጨምርላት ኖሮ ሁለታችንም ምሳችንን በሰዓቱ በበላን ነበር።

ሌላው መጠንቀቅ የሚያሻው ስፍራ ሮዝሊን ነው። እዚያ ብሉ፣ ኦሬንጅና ሲልቨር ላይን ባቡሮች አንዱን መድረክ ይጋራሉ፤ ከከተማው ወደ ቨርጂኒያ ሲሄዱ ደግሞ ከሮዝሊን በኋላ ብሉ ወደ ደቡብ፣ ሁለቱ ወደ ምዕራብ ይለያያሉ። ባቡር መጣ ተብሎ ዝም ብሎ አይገባም፤ ግንባሩና ጎኑ ላይ የተጻፈው ስም ይነበባል።

መድረኩ ላይ ያለው ሰሌዳ እንዴት ይነበባል?

እያንዳንዱ ረድፍ አራት ነገር ይይዛል፦ የመስመሩን ቀለም በምኅፃር፣ የፉርጎዎቹን ብዛት፣ የመጨረሻውን ጣቢያና ባቡሩ ለመድረስ የቀረውን ደቂቃ። "ሬድ፣ 6፣ ግሌንሞንት፣ 4" ካለ ስድስት ፉርጎ ያለው የግሌንሞንት ባቡር በአራት ደቂቃ ይደርሳል ማለት ነው። ስድስት ፉርጎ ያለው ባቡር እስከ መድረኩ ጫፍ ድረስ ገፍቶ ስለሚቆም ከኋላ የቆመ ሰው መሮጥ ይጠበቅበታል፤ "8" የሚለውን ከሆነ የሚጠብቁት፣ የትም ቢቆሙ በር ፊትዎ ይመጣል። ባቡሩ ሲቃረብ የመድረኩ ጠርዝ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። በሩ ሊዘጋ ሲል ድምፅ ይሰማል፤ እንደ አሳንሰር በር እጅ ሲነካው ተመልሶ የሚከፈት ስላልሆነ እጅዎንም ቦርሳዎንም አያስገቡ። የሚቀጥለውን ይጠብቁ።

ባቡሩ ውስጥ ሆኜ የት እንደደረስኩ በምን አውቃለሁ?

በመስኮት በማየት አይሆንም። ከመሬት በታች ያሉት ጣቢያዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ናቸው፦ ግራጫ ኮንክሪት፣ በትልልቅ አራት ማዕዘኖች የተቦረቦረ ቅስት ጣሪያ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን። ሲታይ የሚያምር አሠራር ነው፤ ነገር ግን "ሕንፃውን ሳየው አውቀዋለሁ" ለሚል ሰው ምንም አይረዳውም። ሦስት መንገዶች አሉ፦ የጣቢያውን ስም ከግድግዳውና መድረኩ ላይ ከቆሙት ቡናማ ዓምዶች ማንበብ፣ ማስታወቂያውን ማዳመጥ፣ ወይም ጣቢያ መቁጠር። እንግሊዝኛው በፍጥነት ለሚያልፈው ሰው መቁጠሩ ይሻላል። ለምሳሌ ከሜትሮ ሴንተር ወደ ግሌንሞንት አቅጣጫ ሲሄዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘጠነኛው ነው። እናቴ በመቁጠሪያዋ እየቆጠረች ነበር የምትመጣው፤ አንድም ቀን አልፋ አልሄደችም።

ስንት ነው የሚከፈለው? በጥሬ ገንዘብስ ይቻላል?

በባቡር በሥራ ቀናት ክፍያው እንደ ርቀቱ ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በሥራ ቀናት ከምሽቱ 3፡30 በኋላ የትም ቢሄዱ ከ2.50 አይበልጥም። ከደለስ በእሑድ የሚገባ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ከሁለት ዶላር ተኩል በማይበልጥ ሒሳብ ይጓዛል። ሜትሮባስ 2.25 ዶላር ነው። ራይድ ኦን እ.ኤ.አ. ከ2025 ክረምት፣ ዳሽ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ምንም አያስከፍሉም፤ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ እንግዶች ይህን ሳያውቁ ካርድ ሲፈልጉ አያለሁ።

መክፈያው ስማርትሪፕ የሚባል ካርድ ነው። ካርዱ ራሱ 2 ዶላር ያወጣል፤ በየጣቢያው ካሉት ማሽኖች ተገዝቶ ገንዘብ ይሞላበታል፣ ማሽኖቹም ጥሬ ገንዘብ ይቀበላሉ። ስልክ ላይ የሚጫነውም አለ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ወዲህ ደግሞ በባቡሩ መግቢያ ላይ ሳይሰካ በማስጠጋት ብቻ የሚሠራ የባንክ ካርድ መጠቀም ይቻላል።

ሦስት ነገር ግን እንግዳን ያስቸግራል። አንደኛ፣ በባቡር ካርዱ የሚነካው ሲገቡም ሲወጡም ነው፤ ክፍያው በርቀት ስለሚሰላ ማሽኑ የት እንደወረዱ ማወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው። ባል ነክቶ ገብቶ ለሚስቱ ከበሩ በላይ ካርዱን ቢያቀብላት አይሠራላትም። ሦስተኛ፣ በስልክ የገባ በስልክ ይውጣ፤ ስልኩና የፕላስቲኩ ካርድ የአንድ ባንክ ቢሆኑም ማሽኑ እንደ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው የሚቆጥራቸው። በስማርትሪፕ ከባቡር ወርደው በሁለት ሰዓት ውስጥ አውቶቡስ ቢይዙ የአውቶቡሱ 2.25 ይቀነስልዎታል፤ ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስም እንዲሁ።

ሜትሮባስ ላይ ጥሬ ገንዘብ መክፈል ይቻላል፤ ነገር ግን መልስ የለም። አምስት ዶላር ከተው መልስ የሚጠብቁ ካሉ ሹፌሩ ልማዱን አያውቀውም።

አውቶቡስ ላይ "ወራጅ አለ" የሚባለው እንዴት ነው?

በገመድ። በመስኮቶቹ ጥግ የተዘረጋ ገመድ አለ፤ እሱን ሳብ ሲያደርጉ ድምፅ ይሰማና ከፊት "መቆሚያ ተጠይቋል" የሚል ጽሑፍ ይበራል። አንዳንዱ ላይ ቁልፍ ይጫናል። የሚሳበው ያለፈውን ፌርማታ ከለቀቁ በኋላ ነው፤ በጣም አስቀድሞ ከተሳበ አውቶቡሱ እርስዎ በማይወርዱበት ይቆማል፣ በጣም ከዘገየም ያልፋል። በፊት በር ይገባል፣ በኋላ በር ይወጣል፤ የኋላው በር ከላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ሲበራ ገፋ ሲደረግ ይከፈታል። ወራጁ ለሹፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያመሰግናል፤ የዚህ አገር ሰው ይህን አይረሳም፣ እኛም ብንይዘው ያምርብናል።

ፌርማታው ላይ እየጠበቁ ከሆነ አውቶቡሱ ሲቃረብ ወደ መንገዱ ጠርዝ ቀረብ ይበሉ። አንድ ፌርማታ ላይ ብዙ ቁጥሮች ስለሚያልፉ ወደ ኋላ ገለል ብሎ የተቀመጠን ሰው ሹፌሩ "የእኔን አይደለም የሚጠብቀው" ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

የመስመሮቹ ስም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል። ዘመድዎ ከዓመታት በፊት "70 ቁጥርን ያዝ" ብሎ የጻፈልዎት ወረቀት ካለ አሁን አይረዳም። አዲሶቹ ስሞች በፊደል ይጀምራሉ፤ ፊደሉም አካባቢውን ይናገራል፦ ዲ ለዲሲ፣ ኤም ለሞንትጎመሪ፣ ፒ ለፕሪንስ ጆርጅስ፣ ኤፍ ለፌርፋክስ፣ ኤ ለአርሊንግተንና ለአሌክሳንድሪያ። መጨረሻው ላይ ኤክስ ያለበት ፈጣኑ ነው፤ በየፌርማታው ስለማይቆም የእርስዎን እንዳያልፍ ያረጋግጡ።

አድራሻ ተሰጥቶኛል፤ ግን "ከምን ጎን?" ብዬ ስጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። እንዴት ላግኘው?

በምልክት መነጋገር የለመደ ሰው ዲሲ መጀመሪያ ላይ ትጨንቀዋለች፤ አሠራሯ አንዴ ከገባው ግን ከብዙ ከተሞች ትቀልለዋለች። ከተማዋ ከካፒቶል፣ ማለትም ከምክር ቤቱ ሕንፃ ተነስታ በአራት ትከፈላለች፦ ሰሜን ምዕራብ፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ምሥራቅ። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት መንገዶች በቁጥር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት በፊደል ይጠራሉ። በፊደሎቹ መካከል "ጄ" የለችም፤ ከ"አይ" ቀጥሎ "ኬ" ነው።

የቤት ቁጥሩ ራሱ መንገድ ያሳያል። በዩ ስትሪት ላይ 1300 ካለ ቤቱ ያለው 13ኛው መንገድ አጠገብ ነው። በቁጥር በሚጠራ መንገድ ላይ ከሆነ ፊደል ይቆጠራል፦ "ጄ"ን ትተን "ቲ" 19ኛ፣ "ዩ" 20ኛ ስለሆኑ፣ በ9ኛው መንገድ ላይ በ1900ዎቹ ያለ ቤት በቲና በዩ ስትሪት መካከል ይገኛል። ይህን ያወቀ ሰው ስልኩ ቢጠፋበትም አይጠፋም።

አንድ አደጋ አለ። በአድራሻው መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት፣ "ኤንደብልዩ" ወይም "ኤንኢ" የሚሉት፣ ጌጥ አይደሉም። 9ኛ መንገድ በሰሜን ምዕራብም በሰሜን ምሥራቅም አለ፤ ፊደላቱን ሳይጽፍ በስልኩ የፈለገ ሰው ከሰርግ ቤት ይልቅ የማያውቀው ሰው ደጃፍ ሊደርስ ይችላል።

ወደ ሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች በምን ልሂድ?

በዲሲ የታወቀው 9ኛው መንገድና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት አካባቢ ነው። በግሪን ላይን ዩ ስትሪት ጣቢያ ወርደው በ10ኛው መንገድ በኩል ባለው መውጫ ይውጡ፤ በ13ኛው በኩል ከወጡ ወደ ኋላ መመለስ ይሆንብዎታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚነሳ ሰው እስከ መሀል ከተማ መዝለቅ አያስፈልገውም፤ በሬድ ላይን ፎርት ቶተን ወርዶ ወደ ብራንች አቬኑ የሚሄደውን ግሪን ላይን ይይዛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ራሷ ከጣቢያው በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ ምግብ ቤቱም ቡና ቤቱም አላት። በቨርጂኒያ ስካይላይን አካባቢ ያሉት ሱቆች ግን ሜትሮ አጠገባቸው ስለሌለ በሊስበርግ ፓይክ ላይ በሚያልፍ አውቶቡስ ነው የሚደረሱት።

ሰዓቱ ያምታታኛል። ባቡሩ ስንት ሰዓት ይጀምራል?

በሥራ ቀናት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል፤ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይዘጋል፣ ዓርብና ቅዳሜ ግን ከዚያ ያመሻል። ሰሌዳውና ስልኩ የሚናገሩት በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ስድስት ሰዓት መጨመርና መቀነሱ የታወቀ ነው። ችግሩ የሚመጣው እርስ በርሳችን ስንቀጣጠር ነው። አንድ የአጎቴን ልጅ "በ3 ሰዓት ዩኒየን ስቴሽን እንገናኝ" ብዬ ጻፍኩለት፤ እኔ ያልኩት የጠዋቱን ነበር። እሱ ግን ከመጣ ሁለት ሳምንት ስለሆነው ራሱን ከዚህ አገር ሰዓት ጋር አስማምቶ ከሰዓት በኋላ በሦስት መጣ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስጽፍ "የጠዋት፣ በፈረንጅ 9" እያልኩ ነው።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ በሐዲድ ጥገና ምክንያት አንዳንድ ጣቢያዎች ይዘጋሉ። ያኔ ነፃ ማመላለሻ አውቶቡስ ይመደባል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ።

ከእናቴና ከሕፃን ልጅ ጋር ነው የምጓዘው። ምን ላስብ?

ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፈልላቸውም፤ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚያሳይ መታወቂያ አቅርበው የአረጋውያን ካርድ ካወጡ ግማሽ ዋጋ ይከፍላሉ። የሕፃን ጋሪ የያዘ ሰው በተንቀሳቃሽ ደረጃው ሳይሆን በአሳንሰር ይሂድ፤ በሁሉም ጣቢያ አለ። ተንቀሳቃሹን ደረጃ የሚፈሩ እናቶች ካሉ ዊተን ጣቢያ ላይ በተለይ ያስቡላቸው፤ እዚያ ያለው 70 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከእሱ በፊት ያለው ፎረስት ግሌን ደግሞ ከጥልቀቱ የተነሳ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ጭራሹን የለውም፤ ሰው ሁሉ በአሳንሰር ነው የሚወጣው። በሌሎቹ ጣቢያዎች የሚቆም በቀኝ፣ የሚራመድ በግራ ነው። ባቡርና አውቶቡስ ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ስለሆነ ለልጁ የያዙት ዳቦ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

እንግሊዝኛ ብዙ አልችልም። ብጠፋ ማን ይረዳኛል?

መግቢያ በሮቹ አጠገብ የመስታወት ክፍል ውስጥ የጣቢያ ሠራተኛ ይኖራል፤ የሚሄዱበትን ጣቢያ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ቢያሳዩት ይበቃል። አጠራራችን ከእነሱ ስለሚለይ ከመናገር ማሳየት ይሻላል። ሜትሮ አንዳንድ ማስታወቂያዎቹን በአማርኛም ያወጣል፣ በስልክም አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። በመሬት ውስጥ ባሉት ጣቢያዎች ዋይፋይ በነፃ ስለሚገኝ የአገር ውስጥ ሲም ያልገዛ ሰው ከዚያው ሆኖ ለዘመዱ በኢንተርኔት መደወል ይችላል።

ጣቢያዬን አልፌ ብሄድስ?

ከባቡሩ ይውረዱ፤ ከመውጫው በር ግን አይውጡ። በሩን ካላለፉ ጉዞው እንደቀጠለ ስለሚቆጠር ሌላ ክፍያ የለም። መድረኩ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለ ከሆነ ዞር ብለው በሌላኛው በኩል የሚመጣውን ባቡር ይጠብቃሉ። ሁለት መድረኮች ግራና ቀኝ ተለያይተው ከሆነ፣ እንደ ሜትሮ ሴንተር የላይኛው ፎቅ፣ በደረጃ ወጥተው ወደ ማዶው መሻገር ያስፈልጋል፤ እዚያም የሚነበበው የዚያኛው ጫፍ የመጨረሻ ጣቢያ ስም ነው። አክስቴም ከቤቴዝዳ የተመለሰችው እንዲሁ ነው፤ ለዚያ ሁሉ ዙረት ካርዷ ላይ የተቆረጠባት የሲልቨር ስፕሪንጉ ሒሳብ ብቻ ነበር።